በነቢያት ጾም ቸኮሌት ፍለጋ ወደ ብሩዥ

እናቴ ከአዲስ አበባ ብራስልስ ድረስ ልትጠይቀኝ የመጣችው በነቢያት ጾም ነበር። ወተትና ቅቤ አትነካም፤ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ደግሞ እህል አትቀምስም። እንዲህ ያለችን ጿሚ ቸኮሌት ቤት በየመንገዱ ወደተደረደረባት የቤልጂየም ከተማ ብሩዥ መውሰድ ፌዝ ሊመስል ይችላል። ለእኔ ግን ጾሙ መርሐ ግብሩን ራሱ አወጣልኝ፤ ከ9 ሰዓት በፊት ከተማውን ማየት፣ ከዚያ በኋላ መቅመስ።

ባቡሩ ከብራስልስ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ከጣቢያው በሚነዋተር ሐይቅ ዳር አድርገን መጀመሪያ ወደ ቤጊንሆፍ ገባን። እ.ኤ.አ. በ1245 የተመሠረተ፣ ሴቶች ሳይመነኩሱ በጸሎትና በሥራ አብረው ይኖሩበት የነበረ ግቢ ነው፤ ዛሬ የቤኔዲክት ሥርዓት ሴት መነኮሳት ይኖሩበታል። ጮክ ብሎ ማውራት ክልክል ነው። ለእናቴ ይህን መንገር አላስፈለገኝም፤ ገና በሩን እንዳለፍን ነጠላዋን ከካፖርቷ በላይ አጣፍታ ነበር።

በእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን የማይክል አንጄሎን የእብነ በረድ ድንግል ማርያምና ሕፃን አየን። ይህ ቅርጽ መጀመሪያ በፈረንሳይ አብዮት ዘመን፣ ኋላም እ.ኤ.አ. በ1944 በናዚዎች ተወስዶ ሁለቴም ተመልሷል። እናቴ ትክ ብላ አየችውና «ሥዕል ቢሆን ኖሮ እሰግድ ነበር» አለች። ቤልፎርት የሚባለው የደወል ግንብ 366 ደረጃ አለው። ጉልበት የሚያመው ሰው ባይወጣው ምንም አይቀርበትም፤ የ47ቱን ደወሎች ዜማ ከታች አደባባዩ ላይ ቆሞ በነፃ ይሰማል። በታኅሣሥ 11 ሰዓት ሳይሞላ ስለሚጨልም ደጅ ደጁን አስቀድመን መጨረሳችን በጀን።

ቅምሻው ላይ ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ጥቁር ቸኮሌት ሁሉ የጾም አይደለም። አንዳንዱ ጥቁር ቸኮሌት የቅቤ ዘይት ይገባበታል፤ ፕራሊን የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1912 ዣን ኑሃውስ ብራስልስ ውስጥ የፈጠረው ባለ ሙሌት ቸኮሌት ደግሞ ሆዱ ብዙ ጊዜ ክሬም ወይም ቅቤ ነው። ስለ ጾም ለሻጯ ማብራራት አልሞከርኩም። «ወተት አለበት ወይ?» ብቻ አልኳት። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ወተት ለአለርጂ ሲባል መገለጽ ካለባቸው 14 ነገሮች አንዱ ስለሆነ፣ ዝርዝሩን አውጥታ አንድ በአንድ አሳየችን። የቀረልን ጥቂት ነው፦ ቸኮሌት የተለበሰ የብርቱካን ልጣጭ፣ ማርዚፓን የሚባለው የተፈጨ አልሞንድና ስኳር ሊጥ፣ ከተለያየ አገር ኮኮዋ የተሠሩ ጥቁር ቸኮሌቶች።

ይህ ማነስ ነው የጠቀመን። እኔም አብሬ ወተት ያለበትን ስለተውኩ፣ በስኳርና በክሬም ያልደነዘዘ ምላስ ይዘን ጥቁሮቹን አስተያየን። ትንሽ ቆርሶ ሳያኝኩ ምላስ ላይ መተው ነው፤ የኮኮዋ ቅቤ (የወተት ሳይሆን የኮኮዋው ፍሬ ስብ ነው) ከሰውነት ሙቀት ትንሽ ዝቅ ባለ ሙቀት ስለሚቀልጥ ጣዕሙ ቀስ እያለ ይወጣል። በመካከሉ ውሃ፤ ቡና ግን የለም፤ አፍን ይይዛል። የጋናው ከባድና ደልዳላ ነው። የማዳጋስካሩን ስትቀምስ እናቴ ቅንድቧን አነሳች፤ «ይኼኛው እንደ ይርጋጨፌ ቡና ይኮመጥጣል» አለች። እውነቷን ነው፤ የማዳጋስካር ኮኮዋ በፍራፍሬ ዓይነት ኮምጣጣነቱ ይታወቃል። ስለ ቸኮሌት አንድም ቀን ያላነበበች ሴት፣ ዕድሜ ልኳን ቡና ስትቆላና ስታፈላ በኖረ አፏ ለየችው።

ለአዲስ አበባ የገዛነው ጠፍጣፋውን ብቻ ነው። ክሬም ያለበት ቶሎ ስለሚበላሽ ለስጦታ አይሆንም። ለዘመዶች «ማቀዝቀዣ ውስጥ እንዳታስገቡት» የሚል ወረቀት ጽፌ ከሻንጣው ጋር ላክሁ፤ እርጥበት ላዩን ነጭ ያደርገዋል፤ ቢበላ አይጎዳም፣ ወዙ ግን ይጠፋል። እናቴ ግን የማዳጋስካሩን በእጅ ቦርሳዋ ለየች፤ ለስጦታ እንዳልሆነም አስጠነቀቀችኝ።