ዓባይ በረሃ ያቀለጠው ቸኮሌት

ለአክስቴ የልጅ ልጆች ሦስት ትልልቅ ቸኮሌቶች ገዝቼ ቦርሳዬ ውስጥ ሸጎጥኩና ከአዲስ አበባ ተነሳሁ። ደብረ ማርቆስ ደጋ ስለሆነ ይቀልጣል ብዬ አልሰጋሁም። ዓባይን ረስቼዋለሁ።

ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ስንወርድ ተሳፋሪው ሹራቡን ማውለቅ ጀመረ። ድልድዩ አጠገብ ስንደርስ በመስኮቱ የሚገባው አየር የምድጃ ወላፈን ሆነ። ቦርሳዬን ስዳብስ ቸኮሌቱ በመጠቅለያው ውስጥ ይላወሳል። የቸኮሌቱ ስብ፣ የካካዎ ቅቤ የሚባለው፣ 34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ይቀልጣል፤ አፍ ውስጥ የሚሟሟውም ከሰውነታችን ሙቀት ትንሽ ዝቅ ስለሚል ነው። በረሃው ያን ዕለት ከአፍ አያንስም ነበር።

ደጀንንና ሉማሜን አልፈን ደብረ ማርቆስ ገባን። ደክሞኝ ስለነበር ቦርሳውን የፈታሁት በማግሥቱ ነው። ቸኮሌቱ በብርዱ ረግቷል፤ ግን ተጣሟል፣ ላዩም አመድ የነሰነሱበት መስሏል። «ሻግቷል!» አለች ትልቋ ልጅ። ሻጋታስ አልነበረም፤ ቀልጦ እንደነገሩ ሲረጋ ቅቤው ወደ ላይ ወጥቶ ነው የነጣው።

አክስቴ ገልበጥ አድርገው አዩትና ከምን እንደሚሠራ ጠየቁኝ። የካካዎ ፍሬ ተብላልቶ፣ ደርቆ፣ ተቆልቶና ተልጦ እንደሚፈጭ ነገርኳቸው። የፍሬው ግማሽ ያህሉ ስብ ስለሆነ ሲፈጭ በወፍጮው ሙቀት ይፈሳል። ከዚያ ስኳር፣ የወተት ዱቄት፣ ቫኒላና ድብልቁን የሚያቀጥን ሌሲቲን የሚባል ነገር ጥቂት ገብቶበት ለብዙ ሰዓት ይታሻል።

«እንደ ኑግ በለኛ!» አሉ። «ኑግም ቆልተን ስንወቅጠው መቼ ዱቄት ሆኖ ይቀራል፤ ዘይቱን አውጥቶ ሙቀጫው ላይ ይለጠፋል።»

እኔ በብዙ ቃል የዞርኩበትን እሳቸው በአንድ ሙቀጫ ጨረሱት።

ልጆቹ እንዳይከፋቸው በትንሽ ድስት ከሰል ላይ አቀለጥነው። ጠቁሮ፣ አብረቅርቆ፣ ከማንኪያው እንደ ማር እየተሳበ ወረደ። አክስቴ ግን ወፍራም መሰላቸውና «ለቀቅ ይበል» ብለው ከማሰሮው ጥቂት ውኃ ጠብ አደረጉበት። «ተዉ!» ከማለቴ በፊት ተኮማትሮ እርጥብ አሸዋ ሆነ። ቸኮሌት ቢፈስም ውኃ የለበትም፤ ስብ ውስጥ የተንሳፈፈ የካካዎና የስኳር ዱቄት ነው። ጠብታ ውኃ ሲያገኝ ስኳሩ ይርስና ዱቄቱን እርስ በርሱ ያጣብቀዋል።

መድኃኒቱ ግን ያው ፈሳሽ ነው፣ በዛ ካለ። የፈላ ወተት በጥቂት በጥቂቱ እየጨመርኩ አማሰልኩት፤ ጓጓላው ተፈታ፤ ልጆቹም በኩባያ ተካፍለው ጠጡት። አክስቴ አንድ ጊዜ ፉት ብለው «ስኳሩ በዛ» አሉና ወደ ቡናቸው ተመለሱ።

ስመለስ የነጠረ ቅቤ በብልቃጥ ሰጡኝ።

«ክዳኑን አጥብቀህ ዝጋ» አሉኝ። «ዓባይ ላይ ይሄም ይፈስሃል።»