ዳማ ይቆይ ወይስ ይኮላሽ?

ዛሬ ፈረሴን ዳማን ለእንስሳት ሐኪም አሳየሁት። ዓመት ከመንፈቁ ነው። ሰሞኑን የጎረቤት ባዝራ ባለፈች ቁጥር ገመድ ይበጥሳል። ትናንት ታናሽ ወንድሜን ትከሻው ላይ ነከሰው።

አባቴ ግን «ለጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል እንጅባራ የሚወጣ ፈረስ ድንጉላ፣ ያልተኮላሸ ነው» ይላሉ። ሰንጋም፣ የተኮላሸውም፣ እኮ ይጋልባል!

ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ ዳሰሰው። «ሁለቱም የዘር ፍሬዎቹ ወርደዋል፣ መኮላሸት ይችላል» አለኝ። ዝንብ በማይበዛበት በበጋ ይሁን፣ የቴታነስ ክትባትም ይቅደም አለ። ከተኮላሸ በኋላም ለተወሰኑ ሳምንታት ከባዝራ ይራቅ፤ ወዲያው መካን አይሆንም።

እንደ ድሮው ፍሬውን መቀጥቀጡን አልፈልግም። ልጅ ሳለሁ የአንድ ፈረስ ጩኸት ሰምቻለሁ፣ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። በማደንዘዣ ነው የማሠራው።

ስንመለስ አፍንጫውን ደረቴ ላይ አሳርፎ በረጅሙ ተነፈሰ። ለኅዳር ቆርጫለሁ። አባቴን ማታ ቡና ላይ አናግራቸዋለሁ።