ቆሜ ያየሁት ኦፔራ፤ የቪየና ጉዞ ማስታወሻ

ከቡዳፔስት እስከ ቪየና በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ድንበሩን ካለፍን በኋላ በጭጋጉ ውስጥ ከሚሽከረከሩት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች በቀር ለወግ የሚበቃ ነገር አላየሁም፣ አብዛኛውንም መንገድ ተኝቼ ነው ያለፍሁት። የሄድሁት ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነበር። በሀንጋሪ መንግሥት የትምህርት ዕድል የታሪክ ሁለተኛ ዲግሪዬን እማራለሁ፤ በየወሩ የሚሰጠን 43,700 ፎሪንት ወደ 110 ዩሮ ገደማ ስለሚሆን፣ ጉዞ የሚባለው ነገር ከብዙ ሳምንታት ቁጠባ በኋላ የሚታሰብ ነው። ይሁን እንጂ በተማሪዎች ማደሪያችን የምትኖር አንዲት የሙዚቃ ተማሪ፣ በቪየናው መንግሥታዊ ኦፔራ 20 ዩሮ በማይሞላ ዋጋ ቆሞ ማየት እንደሚቻል ካወራችኝ ቀን ጀምሮ ሐሳቡ ከልቤ ሊወጣ አልቻለም። ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። ኦፔራን ከዚያ በፊት የማውቀው በስልኬ ብቻ ነበር፤ እሱንም ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው እዘጋው ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከኦፔራው ፊት ለፊት ስደርስ የተቀበለኝ ቀይ ካባ የደረበና ነጭ ሰው ሠራሽ ፀጉር ያጠለቀ ወጣት ነው። እንደ እሱ የለበሱ አምስት ስድስት ሰዎች በአደባባዩ ላይ ወዲያና ወዲህ ይላሉ። ሞዛርትን መስለው መሆኑ ነው። "ኦፔራ? ዛሬ ማታ? ለተማሪ ቅናሽ አለን" አለኝ፣ ከኋላው ያለውን ግዙፍ ሕንፃ በእጁ እያመለከተ። መርካቶ አንድ ጫማ ለመግዛት ግማሽ ቀን የምከራከር ሰው፣ እዚያ ላይ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ያንን ነጭ ፀጉር አምኜ 49 ዩሮ ቆጥሬ ሰጠሁት። ትኬቱን አጥርቼ ያነበብሁት ጥግ ላይ ከደረስሁ በኋላ ነው። የተጻፈበት አድራሻ ሌላ ነበር፤ ዝግጅቱም ኦፔራ ሳይሆን በአንድ አነስተኛ አዳራሽ ለቱሪስት የሚቀርብ ኮንሰርት ሆኖ ተገኘ። ተመልሼ ስፈልገው ልጁ የለም፣ ወይም ካለም ከባልንጀሮቹ ልለየው አልቻልሁም፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ፀጉር ነው ያደረጉት።

ገንዘቡ አንዴ ሄዷልና ኮንሰርቱን ገባሁ። ደርዘን የማይሞሉ ሙዚቀኞች ሁሉም ሰው የሚያውቃቸውን ዜማዎች እየቆራረጡ ተጫወቱ፤ በመጨረሻም ታዳሚው በአንድ የሰልፍ ዜማ ምት እንዲያጨበጭብ ተጋበዘ፣ አጨበጨብን። ለፍርድ ያህል፣ የመጀመሪያዋ ቫዮሊን ተጫዋች በእውነት ጎበዝ ነበረች፤ ከእኔ ይልቅ እሷ የተታለለች ትመስል ነበር።

ያደርሁበት ሆስቴል ስምንት አልጋ በአንድ ክፍል ያለው ነው። ከበላዬ የተኛው ሰው እንደ ወፍጮ ሲያጓራ አደረ፤ ገና ሳይነጋ ደግሞ አንዲት ተጓዥ ያላትን ሁሉ በፌስታል እየጠቀለለች በሻንጣ ስትከት ግማሽ ሰዓት ፈጀባት። እኔም በጨለማው ውስጥ የቀረኝን ገንዘብ በልቤ ስቆጥር ነጋ። እሑድ ጠዋት ከተማው ለገና በተተከሉ ዳሶች ተሞልቷል፣ በየዳሱ ቋሊማና አይብ ይጠበሳል፣ እኔ ግን የነቢያት ጾም ላይ ነኝ። ያዳነኝ በከሰል ምድጃ ላይ የሚጠበስ፣ ቅርፊቱ ተልጦ የሚበላ ፍሬ ነው፤ ማሮኒ ይሉታል። ሲበሉት የስኳር ድንችን ያስታውሳል፣ በወረቀት ጠቅልለው ሲሰጡ ደግሞ እጅ ያሞቃል። በዚያ ብርድ የሁለተኛው ጥቅም ከመጀመሪያው ይበልጥ ነበር።

የመቆሚያ ትኬት በመስኮት የሚሸጠው ትርኢቱ ሊጀመር 80 ደቂቃ ሲቀረው ነው። ትርኢቱ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት ስለሆነ መስኮቱ የሚከፈተው 11 ሰዓት ከ40 ላይ ነው፤ እኔ ግን ከትናንቱ በኋላ ማንንም ስለማላምን 9 ሰዓት ላይ በሕንፃው ጎን በኩል ካለው በር ሄጄ ተሰለፍሁ። ከፊቴ ሰባት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ከሁሉም ቀድመው የመጡት ሰማንያ ዓመት የሞላቸው የሚመስሉ እናት ናቸው፤ የምትታጠፍ ትንሽ ወንበር ይዘው መጥተው ሹራብ ይሠራሉ። በደንበኛ እንግሊዝኛ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ፣ ነገርኋቸው፣ የቀዩን ካባ ታሪክም ሳልደብቅ አወራኋቸው። አልሳቁብኝም። "መሐረብ ይዘሻል? የሚታሰር ነገር?" ብለው ብቻ ጠየቁኝ። ነገሩ አልገባኝም ነበር። እንደነገሩኝ ከሆነ በመቆሚያው የቆየ ልማድ አለ፤ ቀድሞ የገባ ሰው ከፊቱ ባለው መደገፊያ ብረት ላይ ሻርፑን ካሰረ ያ ቦታ የእሱ ነው፣ ከዚያ ወጥቶ ቡና ሊጠጣ፣ ሊቀመጥ ይችላል፤ የታሰረውን የሚፈታ ሰው ግን በዚያ ቤት አይገኝም። እኔ አንገቴ ላይ የጠመጠምሁት እናቴ የሰጠችኝን ነጠላ ነበር። ትኬቱን ይዘን ስንገባ አዛውንቷ እየመሩኝ፣ ከመካከለኛው ትልቅ ሎጅ፣ ማለትም ከክብር መቀመጫው ሰገነት ሥር ባለው መቆሚያ ውስጥ ከእሳቸው ጎን ሁለት ጊዜ ቋጥሬ አሰርሁት። ጥለቱ ወደ ውጭ ተገልብጦ በጨርቅ በተለበጠው ብረት ላይ ሲንጠለጠል አይቼ ትንሽ አፈርሁ፣ ትንሽም ኩራት ተሰማኝ።

ትርኢቱ እስኪጀምር ደረጃው ላይ ተቀምጠን የሕንፃውን ታሪክ አጫወቱኝ። በ1869 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲመረቅ ከሁለቱ አርክቴክቶቹ አንዱም በሕይወት አልነበረም፤ ሕንፃው ገና ሲሠራ የከተማው ሕዝብና ጋዜጣ ከመንገዱ በታች ሰምጧል ብሎ ተሳልቆበት ስለነበር አንደኛው ራሱን አጠፋ፣ ባልደረባውም ብዙ ሳይቆይ በሕመም ሞተ። መጋቢት 1945 ላይ ቦምብ ወድቆበት መድረኩና አዳራሹ ተቃጠሉ፤ እኛ የተቀመጥንበት የፊተኛው ደረጃ ግን ተረፈ። ይህን ሲነግሩኝ ከተቀመጥሁበት ደረጃ ላይ እጄን አሳረፍሁ። ሰው የራሱ ከተማ ሳቅ ሊገድለው እንደሚችል አስቤ አላውቅም ነበር።

ያ ምሽት የጣሊያናዊው የሙዚቃ ደራሲ የፑቺኒ ኦፔራ "ላ ቦሄም" ነበር። እያንዳንዱ ቆሞ ተመልካች ከፊቱ ትንሽ የጽሑፍ ስክሪን አለው፣ ቋንቋ ይመርጣል፤ እንግሊዝኛውን መረጥሁ። መጋረጃው ሲከፈት በፓሪስ አንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ ድኃ ወጣቶች በብርድ ይንቀጠቀጣሉ፤ ምድጃቸው ባዶ ነው፣ ገጣሚው የጻፈውን ተውኔት ገጽ በገጽ እየቀደደ እያነደደው ይሞቃል። የመመረቂያ ጽሑፌ ሁለተኛ ምዕራፍ ታወሰኝና ድምፅ አውጥቼ ሳቅሁ። የሳቅሁት ብቻዬን ነበር። ከ2,000 በላይ ሰው በሚይዝ አዳራሽ ውስጥ ብቻውን የሳቀ ሰው የሚሰማውን ነገር የሚያውቀው ያው የደረሰበት ነው።

በዚያች ቅጽበት ልቤ አዲስ አበባ ሄደ። ስድስት ኪሎ ስማር አራት ጊዜ ያህል ብሔራዊ ቴአትር ገብቻለሁ፤ አንዴ እንዲያውም ከእኔ ሁለት ረድፍ ቀደም ብለው የተቀመጡ ሴት፣ ተዋናይቷ ለከዳተኛው ሰው ልትታረቅ ስትል "ተይው አንቺ ልጅ!" ብለው ጮኹባት፣ አዳራሹም በሳቅና በጭብጨባ ሞላ፣ ተዋናይቷም ነገሩ እስኪበርድ ጠብቃ ቀጠለች። ያን ጊዜ ተናድጄ ነበር። የሠለጠነ ታዳሚ ዝም ይላል ብዬ አምን ነበርና በልቤ ሴትዮዋን ኋላ ቀር አልኋቸው። አሁን የተመኘሁት ዝምታ መሐል ቆሜ እንደተሰፋ አፍ ሲከብደኝ፣ እኒያን ሴት ምን ያህል እንደበደልኋቸው ገባኝ። አዝማሪ ቤት ግጥም አቀብሎ አዝማሪውን የሚያስዘፍነው ታዳሚ፣ ቴአትር ቤት ሲገባ አፉን በር ላይ አስቀምጦ እንዲገባ መጠበቄ ከየት የተማርሁት እንደሆነ እንጃ።

ዝምታው ግን ባዶ አልነበረም፤ ይህን ለማወቅ እስከ እኩሌታው መቆም ነበረብኝ። ዘፋኟ ድምፅዋን እስከ ሹክሹክታ ድረስ ስታወርደው፣ ያለ ማጉያ፣ እንደ ክር ቀጥና ከኦርኬስትራው በላይ ተንሳፍፋ እኔ ዘንድ ስትደርስ፣ ዙሪያዬ የቆሙት ሰዎች በአንድነት መተንፈስ ሲያቆሙ ተሰማኝ። ከጎኔ ያሉት እናት ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ከፊታችን ባሉት ወንበሮች ከተቀመጡት፣ ምናልባት ከ200 ዩሮ በላይ ከከፈሉት መካከል ግን አንድ ሰውዬ ተኝቷል፤ ሚስቱ በክርንዋ ትጎስመዋለች። ቆሞ የሚተኛ የለም።

በእረፍቱ ሰዓት አዛውንቷ ስለ 1955 ነገሩኝ። የዐሥር ዓመት ልጅ ሳሉ፣ ቤቱ ተጠግኖ በአውሮፓውያኑ ኅዳር 5 ቀን በቤትሆቨን "ፊዴሊዮ" ሲከፈት፣ ትኬት መግዛት የማይችለው ሕዝብ ውጭ መንገዱ ላይ በድምፅ ማጉያ እንዲሰማ ተደርጎ ነበርና አባታቸው ይዘዋቸው ሄደው ብርዱ ውስጥ ቆመው ሰሙ። የውጭ ወታደሮች አገሩን ለቅቀው ከወጡ ገና ቀናት ነበር። "እኔ ኦፔራን ተቀምጬ አላውቀውም" አሉ። ቀን ማስላት የታሪክ ተማሪ ሁሉ ልማድ ነውና በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 25 ቀን 1948 ዓ.ም. መሆኑን በልቤ ቆጠርሁ፤ በዚያው ሰሞን የንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ 25ኛ ዓመት ሲከበር፣ ጣሊያን ለሲኒማ ብሎ ጀምሮት የሄደው ሕንፃ ተጠናቅቆ፣ ዛሬ ብሔራዊ የምንለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር አዲስ አበባ ላይ ተመርቋል። ከመጀመሪያዎቹ መሪዎቹ አንዱም ኦስትሪያዊ ነበር። ይህን ስነግራቸው ሹራባቸውን አስቀምጠው፣ "እናንተስ በምን ከፈታችሁት?" ብለው ጠየቁኝ። አላውቀውም ነበር። የራሴን አገር ቴአትር ቤት ከፊቱ ባለው የአንበሳ ሐውልትና "ብሔራዊ፣ ብሔራዊ!" በሚለው የታክሲ ረዳት ጩኸት እንጂ በሌላ አላውቀውም።

ሦስተኛው ክፍል በረዶ ብቻ ሆኖ አለፈብኝ፣ እግሬ መታመም ጀምሮ ነበር። በአራተኛው ግን ገጣሚው የሚወዳት ልጅ በሳንባ ሕመም ልትሞት ስትቃረብ፣ ከጓደኞቹ አንዱ መድኃኒት መግዣ ለማግኘት ካፖርቱን ሊሸጥ ይወስንና ቆሞ ለካፖርቱ የስንብት ዜማ ያዜምለታል። ጽሑፉን ብቻ ያነበበ ሰው ቀልድ ሊመስለው ይችላል። እኔ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ባለበት ከተማ፣ ሐምሌ ላይ ጋቢ ከሰው በላይ በሚከበርበት ቤት ያደግሁ ስለሆንሁ አልሳቅሁም። ከዚያ ልጅቷ ጓደኞቹ ሁሉ ባሉበት ትሞታለች። ሁሉም ያውቃሉ፣ ኦርኬስትራውም ያውቃል፤ የማያውቀው የሚወዳት ገጣሚ ብቻ ነው፣ ተኝታለች ብሎ መጋረጃውን ያስተካክልላታል፣ ወዲያና ወዲህ ይላል። ያ አዳራሽ ሁሉ ዝም ብሎ ያየዋል። አንድ ሰው እንዴት አይነግረውም? ከንፈሬ ላይ "ሞታለች እኮ" የሚል በአማርኛ ወጣ፣ በሹክሹክታ፣ ግን ወጣ። አዛውንቷ ወደ እኔ ዞሩ፤ እንደሚቆጡኝ ጠብቄ ነበር። ቃሉን እንደማይሰሙት አውቃለሁ፣ ቢሆንም አንገታቸውን በአዎንታ ነቀነቁና እጃቸውን በእጄ ላይ አኖሩ።

ሲያልቅ ከመቆሚያው የተነሣው ጩኸት ከወንበሮቹ በእጥፍ ይበልጥ ነበር። ነጠላዬን ልፈታ ብሞክር፣ ሰው ሲደገፍበት ስላመሸ ቋጠሮው ጠብቆ እምቢ አለ። አስተናባሪው መብራት እያጠፋ ይጠብቀናል፣ እናትዬው በሹራብ መሥሪያ መርፌያቸው ቀስ ብለው ፈቱልኝ። ስም አልተለዋወጥንም።

በሌሊቱ አውቶቡስ ስልኬን አውጥቼ ፈለግሁ። ብሔራዊ ቴአትር በ1948 የተከፈተው በቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው "ዳዊትና ኦርዮን" ነው። "ላ ቦሄም" ራሱ ለመጀመሪያ ጊዜ በቶሪኖ የታየው ደግሞ ጥር 24 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ ከአድዋ ልክ አንድ ወር ቀድሞ ነው፤ ይህን ለእናትየዋ ሳልነግራቸው በመቅረቴ እስከ ድንበሩ ድረስ ቆጨኝ። አዲስ አበባ ለምትኖረው እኅቴ በዚህ እሑድ ብሔራዊ ምን እንደሚታይ ጻፍሁላት። መልሷ ቡዳፔስት ስደርስ ገባ። "ደግሞ አንቺ ከመቼ ጀምሮ?"