የጠፉት አራት ኪሎዋት ሰዓቶች

የቤታችንን የኤሌክትሪክ ፍጆታ እንዲከታተል የሠራሁት መሣሪያ በሰባት ቀን ውስጥ የቆጠረው 58 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ የመብራት ቆጣሪው ራሱ ግን 62 ይላል። አራቱ የት ገቡ? ሁለት ሌሊት ይህን ሳስብ አደርኩ።

ነገሩ የጀመረው በቆጣሪያችን ፊት ላይ ብልጭ ድርግም ከምትል ቀይ መብራት ነው። አንድ ኪሎዋት ሰዓት 1000 ብልጭታ እንደሆነ ከሥሯ በደቃቅ ጽሑፍ ሰፍሯል። ስለዚህ እያንዳንዷ ብልጭታ አንድ ዋት ሰዓት ናት። በሁለት ብልጭታዎች መካከል ስንት ሰከንድ እንዳለ ይዞ 3600ን ለዚያ ማካፈል ነው፤ ሦስት ሰከንድ ከሆነ ቤቱ በዚያች ቅጽበት 1200 ዋት እየወሰደ ነው ማለት ነው። ቆጣሪው የታሸገ ነውና አይነካም፤ መክፈቱ ለሕይወት ያሰጋል። ብርሃን ሲያርፍበት የሚያውቀውን ፎቶትራንዚስተር መብራቷ ላይ በጥቁር ፕላስተር ለጠፍኩ፤ ጠዋት ፀሐይ በጎን እየገባች ቁጥሩን ስታዛባብኝ ፕላስተሩን ደረብኩበት።

ቆጣሪው ያለው ውጭ፣ በብረት ሳጥን ውስጥ ነው። ብረት የሬዲዮ ሞገድን ይጋርዳል፤ ዋይፋይ ደግሞ ባትሪ ይጨርሳል። ስለዚህ ከፎቶትራንዚስተሩ የሚወጣውን ቀጭን ሽቦ በበሩ ስንጥቅ አሳልፌ በባትሪ የሚሠራውን የሬዲዮ ላኪ ከሳጥኑ ውጭ አቆምኩት። በ433 ሜጋኸርዝ ነው የሚልከው። አንቴናው 17.3 ሴንቲ ሜትር የመዳብ ሽቦ ነው፤ የሞገዱ ርዝመት አንድ አራተኛ መሆኑ ነው። ቤት ውስጥ ያለው መቀበያ፣ ኢኤስፒ32 የሚባለው ፕሮግራም የሚጻፍለት ትንሽ ቺፕ፣ ከአየር ላይ ይቀበልና በኤምኪውቲቲ (መሣሪያዎች አጫጭር መልእክት በሚለዋወጡበት ስልት) አድርጎ ለኮምፒውተሬ ያስተላልፋል።

አራቱን ኪሎዋት ሰዓት ያጠፋሁት እኔው ነበርኩ። ላኪው በእያንዳንዷ ብልጭታ «አንድ» ብሎ እንዲልክ ነበር የጻፍኩት። አንድ መልእክት አየር ላይ ሲቀር አንድ ዋት ሰዓት አብሮ ይቀራል፤ መቀበያውም እንደጎደለበት የሚያውቅበት መንገድ የለውም። አሁን የሚልከው ከተተከለበት ቀን ጀምሮ የቆጠረውን ጠቅላላ ድምር ነው፤ በየ30 ሰከንዱ፣ ከመጨረሻዎቹ ሁለት ብልጭታዎች ርቀት ጋር። አሥር መልእክት ቢጠፋ አሥራ አንደኛው ሁሉንም ይዞ ይደርሳል። ባትሪ ስቀይር ድምሩ ከዜሮ ይነሳል፤ መቀበያው ግን ቁጥሩ ወደ ኋላ መመለሱን ሲያይ አዲሱን በቀድሞው ላይ ይደምራል። ይህን የመሰለ ነገር ለሚሠራ ሰው ሁሉ ከብየዳውም ከአንቴናውም አስቀድሜ የምነግረው ይህንን ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ሁለቱ ቁጥሮች ገጠሙ። ያን ጊዜ ነው ሌሊቱን ማየት የጀመርኩት። ሁሉም ተኝቶ፣ ማቀዝቀዣውም ዝም ብሎ፣ ብልጭታው በየ40 ሰከንዱ ይመጣል፤ 90 ዋት ነው። ዛሬ ሶኬቶቹን አንድ በአንድ መንቀል ይዣለሁ። የቴሌቪዥኑን ስነቅል ርቀቱ ወደ 52 ሰከንድ ሰፋ። ገና 69 ዋት የሚወስድ ነገር አለ፤ ነገ በጓዳው በኩል እቀጥላለሁ።