ሴንትራል ፓርክ ሥር ያለው ሰፈር ካርታ ነበረው

እኛ ሀገር «ካርታ አለህ?» ተብለህ ስትጠየቅ ሰውየው የሚፈልገው የይዞታ ማረጋገጫህን ነው። የሴኔካ ቪሌጅን ታሪክ መከታተል ስጀምር የያዘኝ ጥያቄ ይኸው ነበር። ኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ፣ በምዕራብ በኩል ከ82ኛ እስከ 89ኛ ጎዳና ባለው ቦታ ላይ ፓርኩ ከመሠራቱ በፊት ሴኔካ ቪሌጅ የሚባል የነጻ ጥቁሮች ሰፈር ነበር። የዘመኑ ጋዜጦች ግን ነዋሪዎቹን በሰው መሬት ላይ ጎጆ የቀለሱ ሕገወጥ ሰፋሪዎች አድርገው ጻፏቸው። እውነት እንደዛ ነበሩ?

የጀመርኩት ከ1811ዱ የከተማ ፕላን ነው፤ የተሳሳትኩትም እዛው ላይ ነው። 85ኛ ጎዳና ቀጥ ብሎ ተሰምሮ ሳየው ሰዎቹ አስፋልት ዳር እንዳለ ሰው መንገድ ዳር ይኖሩ ነበር ብዬ ደመደምኩ። ለካ ፕላኑ የሚያሳየው ወደፊት የታሰበውን ነው። ያን ጊዜ አካባቢው ድንጋያማና ወጣ ገባ መሬት ነበር። የሁለት ሳምንት ማስታወሻዬን እንደገና ጻፍኩ። ከዚያ ወዲህ ካርታ ስከፍት መጀመሪያ የማየው ማን እንዳሠራውና ለምን ጉዳይ እንደተሠራ ነው።

ነገሩን የፈታልኝ ሌላ ካርታ ነው። ከተማው መሬቱን ለፓርክ ሊወስድ ሲል በ1850ዎቹ አጋማሽ ጋርድነር ሴጅ የሚባል ቀያሽ ቦታውን በየቁራጩ ለክቶ፣ ቤቶቹንና ቤተ ክርስቲያኖቹን ሳይቀር አስቀምጧል። የተሠራው ሰዎቹን ለማስነሳት ነው። ግን ለማስነሳት ካሳ መገመት አለበት፣ ካሳ ለመገመት ደግሞ ባለቤቱን ማወቅ የግድ ነው፤ ስለዚህ ያፈናቀላቸው ወረቀት ራሱ ባለይዞታ እንደነበሩ ይመሰክርላቸዋል። ይሄን ሳይ ለረጅም ሰዓት ከወንበሬ አልተነሳሁም።

ከካርታው ወደ ሽያጩ ታሪክ ወደ ኋላ ስሄድ 1825 ላይ አንድሩ ዊሊያምስን አገኘሁት። የ25 ዓመት ሊስትሮ ነው። ሦስት ቁራጭ መሬት በ125 ዶላር ገዛ። ልብ በሉ፣ ኒውዮርክ ውስጥ ባርነት የተሻረው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1827 ነው። መሬቱ ደግሞ ከመጠለያም በላይ ነበር፤ ጥቁር ወንድ ድምፅ ለመስጠት የ250 ዶላር ንብረት እንዲኖረው ይጠየቅ ነበር፣ ነጩ አይጠየቅም።

አንድ ነገር ግን ካርታው አይነግራችሁም፦ ተከራዩን። ለዚያ የ1855ቱን የሕዝብ ቆጠራ አጠገቡ ማስቀመጥ ነበረብኝ። ወደ 225 ሰው ይኖር ነበር፣ ሁለት ሦስተኛው ጥቁር፣ የቀረው በአብዛኛው አየርላንዳዊ። ሦስት ቤተ ክርስቲያንና አንድ ትምህርት ቤት ነበራቸው።

በ1857 ሁሉም ተነሱ። ዊሊያምስ 2,335 ዶላር ተከፈለው፣ ከጠየቀው በታች። የት እንደገቡ ለማወቅ አሁን የ1860ውን ቆጠራ ስም በስም እያየሁ ነው።