ግማሽ ቦለስ ለምን ትሉን አይጨርሰውም?

ድሬዳዋ ላይም ሐረር ላይም «የትል መድኃኒቱ ውሃ ነው» ሲባል ይሰማል። ትሉ መድኃኒቱን ተላምዶት ሊሆን ይችላል። ከዚያ በፊት ግን መድኃኒቱ በበጉ ሆድ ውስጥ ምን እንደሆነ ማየት ይሻላል።

ቦለስ (ትልቁ የእንስሳት እንክብል) ውስጥ ያለው የትል መድኃኒት አልቤንዳዞል ውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም። ትልቁ ጨጓራ ሲገባ ከሚብላላው መኖ ጋር ተጣብቆ ይቀመጥና በጥቂት በጥቂቱ ወደ ታች ይወርዳል። ደም ውስጥ የገባውን ጉበት ወደ ሰልፎክሳይድ ይለውጠዋል፤ ይህኛውም ትል ይገድላል። ጉበቱ በዚህ አይበቃውም፣ ሰልፎክሳይዱን ደግሞ ሰልፎን ያደርገዋል፤ ሰልፎን ለትሉ ምንም አይደለም። የጨጓራው ባክቴሪያዎች በበኩላቸው ከሰልፎክሳይዱ የተወሰነውን መልሰው አልቤንዳዞል ያደርጉታል። ትሉን የሚጨርሰው ታዲያ የመድኃኒቱ ብዛት ብቻ አይደለም፣ ቆይታውም ነው።

ቆይታውን የሚያሳጥረው ምንድን ነው? አንዱ ለምለም ሣር ነው። ክረምት ላይ እርጥብ የጠገበ በግ ሆዱ ቶሎ ያሳልፋል፤ የማሽላ አገዳ የሚያመነዥገው ያዘገያል። ለዚህ ነው ከ12 ሰዓት ያላነሰ ጊዜ መኖ መከልከል የሚጠቅመው፤ ውሃ ግን አይከለከልም። የደረሰች እርጉዝና የታመመ በግ አይጾሙም። በመጀመሪያው የእርግዝና ወር ደግሞ አልቤንዳዞል ጽንሱን ስለሚጎዳ ጭራሽ አይሰጥም።

ሌላው አሰጣጡ ነው። መድኃኒቱ ከምላስ ፊት ከፈሰሰ፣ ግልገል ሲጠባ ወተት የሚያልፍበት ቦይ እንደ ቱቦ ይገጥምና መድኃኒቱ ትልቁን ጨጓራ ዘሎ አራተኛው ውስጥ ሊገባ ይችላል። ከምላስ ጀርባ ቀስ ብሎ ነው የሚሰጠው፤ ራሱን አብዝቶ ማንጋጠጥ ግን ፈሳሹን ወደ ሳንባ ይልከዋል።

አሁን ስሌቱ። 25 ኪሎ የሚመዝን ጥቁር ራስ የኦጋዴን በግ፣ በኪሎ 7.5 ሚሊግራም ሲታሰብ 187.5 ሚሊግራም ይፈልጋል። ባለ 300 ሚሊግራም ቦለስ ለሁለት ሲከፈል 150 ብቻ ነው! ቦለሱን በደንብ ፈጭቶ በውሃ 30 ሚሊ ሊትር ማድረስና ወደ 19 ሚሊ ሊትር መስጠት ይቻላል። ዱቄቱ ስለማይሟሟ ብልቃጡ ሥር ይዘቅጣል፤ በሲሪንጅ ከመቅዳት በፊት ካልተናጠ የመጀመሪያው በግ ውሃ ይጠጣል፣ የመጨረሻው ዝቃጩን።

ከበጎቹ ጋር የሚውለው ፍየል ሌላ ጉዳይ ነው። የፍየል ሰውነት መድኃኒቱን ከበግ ይልቅ ፈጥኖ ስለሚያስወግደው በበግ መጠን የሚታከም ፍየል ትል ማላመጃ ነው። መጠኑን የእንስሳት ሐኪም ይወስን።

ሌላው የትል መድኃኒት አይቨርሜክቲን መንገዱ የተለየ ነው። ባለ 1 በመቶው ከቆዳ ሥር ይወጋል፣ ለ50 ኪሎ 1 ሚሊ ሊትር፤ ለዚያ ለ25 ኪሎው ግማሽ። ስብ ውስጥ ተከማችቶ ቀስ እያለ ይለቀቃል፣ በብዛት የሚወጣውም በሐሞት በኩል ከበጠጡ ጋር ነው። ለጉበት ትል አይሠራም። ሥጋው ውስጥ ለሳምንታት ስለሚቆይ፣ በጉ ለዓረፋ የሚታረድ ከሆነ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን የቀን ብዛት ከበዓሉ ወደ ኋላ መቁጠር ነው።