የጫማ ፎቶ

ፖስታው ፍሪጅ ላይ ሁለት ወር ተቀመጠ። ከሶሻል ሴኩሪቲ፣ ከአሜሪካ መንግሥት የጡረታ መሥሪያ ቤት፣ የመጣ ነው። ስልሳ ዓመት ላለፈውና ኢንተርኔት ላይ አካውንት ላልከፈተ ሰው በየዓመቱ ልደቱ ሲቃረብ ይልኩለታል። ባለቤቴ አቧራ ስትጠርግ ታነሳዋለች፣ ጠርጋ ስትጨርስ መልሳ ታስቀምጠዋለች። «ክፈተው እንጂ፣ አይነክስህም» ትለኛለች።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከፈትኩት። ነከሰኝ።

ያኔ 61 ዓመቴ ነበር። አሜሪካ የገባሁት በ1996 በዲቪ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። 34 ዓመቴ ነበር ማለት ነው። ለካ ሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታን የሚያሰላው ጥሩ ገቢ ያገኘህባቸውን 35 ዓመታት ወስዶ ነው። 35 ካልሞላህ የጎደለው በዜሮ ይሞላል። እኔ በዚያን ቀን ሥራ ባቆም ሰባት ዜሮ ይገባብኝ ነበር። ይሄስ የስደተኛ ዕጣ ነው፣ ማንንም አልወቅስበትም።

ያንገበገበኝ ሌላው ነው። ወረቀቱ ላይ ገቢዬ በየዓመቱ ተዘርዝሯል። ከ2006 እስከ 2015 ዲሲ ውስጥ ታክሲ እነዳ ነበር። በ2008 ታሪፉ በዞን መተመኑ ቀርቶ ሜትር ሲገባ እንኳ ጥሩ እንሠራ ነበር። ወረቀቱ ግን 9,000 ይላል፣ 11,000 ይላል፣ እንደገና 9,000 ይላል። ታክስ የሚሠራልን ሰውዬ ትዝ አለኝ። ልክ እንደ ልብስ ሰፊ «ስንት ላድርግልህ?» ይለን ነበር። ወጪውን ሁሉ ይደምራል፣ ያልወጣውንም ይጨምራል። ለግል ሠራተኛ የሚቆረጠው 15.3 በመቶ ስለቀነሰልን ቡና እየጋበዝነው እንስቅ ነበር። ያ ሳቅ ዓመታት ቆይቶ በፖስታ መጣልኝ።

በ62 ዓመቴ ብወስድ በወር ወደ 1,100 ዶላር። 67 እስኪሞላኝ ብጠብቅ ወደ 1,600። እስከ 70 ከቆየሁ ወደ 2,000። በ62 የወሰደ ሰው 30 በመቶ ይቀነስበታል፣ ያውም ዕድሜ ልኩን። ከ67 በኋላ ደግሞ 70 እስኪሞላ ለቆዩበት ለእያንዳንዱ ዓመት 8 በመቶ ይጨመራል። ስለዚህ መጠበቅ ነው። ለመጠበቅ ግን መሥራት ያስፈልጋል፣ ለመሥራት ደግሞ ጉልበት።

እዚህ ላይ ነው ሁለተኛው ወረቀት የመጣው። ኤዋንሲ የሚሉት፣ የሦስት ወር የስኳር አማካይ፣ 6.4 ሆኖ ተገኘ። 6.5 ስኳር በሽታ ነው። ሐኪሟ «ደፉ ላይ ቆመሃል» አለችኝ። «ምንድን ነው የምትበላው?» ስትለኝ በኩራት «ጾም ላይ ነኝ፣ ሥጋ አልነካም» አልኳት። ዘርዝርልኝ አለች። ስዘረዝረው ለራሴም አፈርኩ። ፓስታ በቲማቲም፣ ዳቦ በሻይ፣ ሽሮ በሁለት ሙሉ እንጀራ፣ ድንች ወጥ። ሻዩ ላይ ሦስት ማንኪያ ስኳር። ከ2016 ጀምሮ ሆቴል ውስጥ ጥገና ክፍል ነው የምሠራው፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት እስከ ምሽቱ አምስት። ያን ሁሉ የምበላው ደግሞ እኩለ ሌሊት ላይ፣ ከበላሁ በኋላ ወዲያው ለመተኛት።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጂም ተመዘገብኩ፣ ሦስት ጊዜ ሄድኩ። ትሬድሚል ገዛሁ፣ ዛሬ የባለቤቴ ነጠላ ይሰጣበታል። የወጪ ደብተር ያዝኩ፣ አራተኛው ገጽ ላይ የልጄ ልጅ ዝሆን ሥላበታለች።

ሰነፍ ነኝ ብዬ ደመደምኩ። ቆይቼ ሳስበው ግን አንድ ነገር አልገጥምልህ አለኝ። 22 ዓመት ዕቁብ ጥያለሁ። አንድም ቀን አላሳለፍኩም። ኡበር መጥቶ ታክሲው ሲሞትብን ተበድሬም ጥያለሁ። በረዶ ሲጥል በእግሬ ሄጄም ጥያለሁ። ሰነፍ ሰው እንዲህ አያደርግም። ለሃያ ሰው የምታመን ሰውዬ ለራሴ ስሆን ነው ቃሌን የምበላው።

ይህንኑ ዕቁብ ላይ ተናገርኩ። መጀመሪያ ተሳቀብኝ። ዳኛችን ግን ዝም ብለው አዩኝና «እኔም የግፊት መድኃኒት ጀምሬያለሁ» አሉ። ከዚያ አንዱ ስኳሩን፣ አንዱ ወገቡን አወራ። አምስት ሆነን «የእግር ዕቁብ» መሠረትን። ሕጉ ቀላል ነው። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ስላይጎ ክሪክ ዳር አብረን እንሄዳለን። በሌላው ቀን እያንዳንዱ ከምግብ በኋላ ቢያንስ 15 ደቂቃ ይሄድና ጫማውን ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ይለጥፋል። የቀረ 20 ዶላር ይቀጣል። ጸሐፊው ቅጣቱን በደብተር ይይዛል፣ ምሕረት የለውም። አንዱ አባላችን ሐምሌ አጋማሽ ላይ የላከው ፎቶ መሬቱ ላይ በረዶ ነበረበት። ድርብ ተቀጣ።

ያላሰብኩት ነገር ወሬው ነበር። እኛ አገር ሰው ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ ስለ ገንዘቡ አያወራም። ጎን ለጎን ሲሄድ ግን ያወራል። ዓይን ለዓይን ስለማይተያይ ይሆናል። በሦስተኛው ቅዳሜ አብረውን የሚሄዱ 68 ዓመት የሆናቸው አንድ አባት ሜዲኬር፣ መንግሥት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ፣ እንዴት እንዳመለጣቸው ነገሩን። 65 ሲሞላቸው በራሱ ይመጣል ብለው ጠበቁ። በራሱ የሚመጣው ቀድሞ ሶሻል ሴኩሪቲ መውሰድ ለጀመረ ሰው ነው። እሳቸው አልጀመሩም፣ የመሥሪያ ቤት ኢንሹራንስም አልነበራቸውም። መመዝገቢያው ሰባት ወር ነው፤ ልደትህ ያለበት ወር፣ ከሱ በፊት ሦስት፣ ከሱ በኋላ ሦስት። ይህ ካለፈ ለእያንዳንዱ 12 ወር በፓርት ቢ (የሐኪም ወጪ በሚሸፍነው ክፍል) ክፍያ ላይ 10 በመቶ ቅጣት ይጨመራል፣ ሜዲኬሩን እስከያዝክ ድረስ። «የናንተ ጸሐፊ ይሻላል» አሉ፣ «እሱ እንኳ 20 ዶላር ወስዶ ይተውሃል።»

እኔም የራሴን ጉድ አወጣሁ። ሆቴሉ ስቀጠር ፎርዋንኬ፣ ከደመወዝ እየተቆረጠ ለጡረታ የሚቀመጠው፣ ይኑርህ ቢሉኝ እምቢ ብያለሁ። «ገንዘቤን ለምን ይይዙብኛል?» ብዬ። እኔ ብጥል እነሱም እስከ ደመወዜ 4 በመቶ ድረስ እኩል ይጥሉልኝ ነበር። ዕቁብ ላይ ሌላ ሰው በስምህ ሲጥልልህ እምቢ እንደ ማለት ነው። አራት ዓመት እንዲያ አለፈ። አሁን በየጥር ወሩ አንድ በመቶ እጨምራለሁ፣ 10 ደርሻለሁ። ጭማሪውን ቅዳሜ ለግሩፑ ስለምናገር መልሼ መቀነስ አፍራለሁ።

ከሁሉ የከበደኝ አገር ቤት የምልከው ነው። እህቴ ደሴ ናት። ስትደውል እልካለሁ፣ አንዳንዴ በክሬዲት ካርድ ጭምር። አምና ደወልኩላትና በወር 200 ዶላር ቁርጥ ነው፣ ከዚያ በላይ አልችልም አልኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። ዝም አለች። ቆይታ «ጋሽዬ፣ ለካ አንተም እያረጀህ ነው» አለችኝ። መኪናዬን ዳር አቆምኩ። አሁን ደግሞ ጉልበቴን እንደሚያመኝ ሰምታ፣ እሷ ደውላ «ጉልበትህን ምን ቀባኸው?» ትለኛለች።

አገር ቤት ገብቶ መጦር የሚለውን ሕልም ገና አልጨረስነውም። ሶሻል ሴኩሪቲው እዚያም ሊመጣ ይችላል። ሜዲኬር ግን በጥቂት ልዩ ሁኔታ ካልሆነ ከአሜሪካ ውጭ አይሠራም። ባለቤቴ «እኔ ሐኪሜን ትቼ የትም አልሄድም፣ አንተ ሂድና ፎቶ ላክልኝ» ትላለች። የአሜሪካን ክረምት እዚያ፣ በጋውን እዚህ እንላለን። ከዚያ የቲኬቱን ዋጋ አይተን ዝም እንላለን።

አሁን 63 ነኝ። ባለፈው ምርመራ ኤዋንሲው 5.9 ሆኗል። ከ5.7 በታች ነው ጤነኛ የሚባለው፣ አልደረስኩም። እንጀራው አንድ ሆኗል፣ ሽሮው ጎን ጎመንና ምስር አለ። ስኳር ያለበት ሻይ ግን ቅዳሴ ማግስት፣ ሰኞ ጠዋት፣ አንዲት ስኒ እጠጣለሁ። ሐኪሟም ታውቃለች። የካቲት ላይ ጉልበቴ አብጦ ሁለት ቅዳሜ ቀርቻለሁ። 40 ዶላር ቅጣት ከፈልኩ፣ የሐኪም ወረቀት አንቀበልም ብለው።

ባለቤቴ ይህን ሁሉ ስትስቅበት ነው የኖረችው። «ሽማግሌዎች ጫማ እያነሱ ይላላካሉ» እያለች ለእህቶቿ ታወራለች። ያለፈው ሐሙስ እረፍቴ ነበር። እራት በልተን ልወጣ ስል «ቆይ፣ ዕቃው ይታጠብ፣ አብሬህ ልውጣ» አለች። እስከ ጥግ ያለው ነዳጅ ማደያ ሄደን ተመለስን። በር ላይ ስልኬን አወጣሁና እንደ ልማዴ ጫማዬን አነሳሁ። ሳላየው ለጥፌዋለሁ ለካ። ጥግ ላይ የሷ ወይን ጠጅ ስኒከር ገብቷል።

ጸሐፊው ደቂቃም አልቆየ። «ሁለተኛው ጫማ የማን ነው? ያልተመዘገበ አባል አንቀበልም» ብሎ ጻፈ።

ስልኩን ከእጄ ወሰደችና መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ በአንድ ጣቷ፣ ቀስ ብላ ጻፈች፦ «መዝግቡኝ። ቅዳሜ ግን አንድ ሰዓት በጣም ጠዋት ነው።»